ቲንታይፕ ውስጥ ቲን የለም

ወዳጄ፣ ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን የቀረውን የወታደር ፎቶ «ቲንታይፕ የተባለው ከቲን ስለተሠራ ነው» ብለህ አስተዋውቀኸዋል፤ ቲን ማለት ቆርቆሮ ነው። ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ነው። ሰሌዳው ጥቁር ቫርኒሽ የተቀባ ስስ ብረት ነው፤ በዘመኑም «ፌሮታይፕ» ይባል ነበር፣ ፌረም በላቲን ብረት ነውና። እኛስ ብንሆን የጣራውን የብረት ክዳን ቆርቆሮ እንል የለ?

ሃሚልተን ስሚዝ አሠራሩን በአሜሪካ ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1856 ነው። ብረቱ ላይ ኮሎዲየን የተባለ ዝልግልግ ፈሳሽ ይፈስበታል፤ ከዚያ የብር ጨው ባለበት ውሃ ውስጥ ይነከርና ሳይደርቅ ካሜራ ውስጥ ይገባል። የሚወጣው ምስል በእርግጥ ኔጌቲቭ፣ ማለትም ብርሃንና ጥላው የተገለበጠ ነው፤ ብሩ ከጥቁሩ መደብ ላይ ነጣ ብሎ ስለሚታይ ብቻ ትክክለኛ ፎቶ ይመስላል። ግራና ቀኙም የተገለበጠ ነው። የኮቱ ቁልፍ በተቃራኒ ጎን መሆኑን «የልብስ ሰፊው ስህተት» ያልከው ከዚህ የመጣ ነው።

መለየት ከፈለግህ ትንሽ ማግኔት በጀርባው በኩል ቀስ አድርገህ አስጠጋ፤ ፊቱን እንዳትነካ፣ ይጫራል። ቲንታይፕ ከሆነ ይስባል። እ.ኤ.አ. በ1839 ይፋ የሆነው ሌላው የፎቶ ዓይነት፣ ዳጌሮታይፕ ግን ብር የተለበጠ መዳብ ስለሆነ አይስብም፤ እንደ መስታወትም ያብረቀርቃል።