የማኅተሙ ቁልፍ የት ነው?

ዛሬ ለአራተኛ ጊዜ ከአራት ኪሎ ባዶ እጃችንን ተመለስን። ታናሽ ወንድሜ አምና 12ኛ ክፍልን ጨርሷል፤ ከተማረበት ትምህርት ቤት የሚፈልገው ትራንስክሪፕቱን ብቻ ነው። የአራት ዓመት ውጤት፣ ፊርማ፣ ማኅተም፣ በቃ! መጀመሪያ የሄድን ቀን "የሪከርድ ሠራተኛዋ ፈቃድ ላይ ናት" ተባልን። ቀጥሎ ሁለቴ "ርዕሰ መምህሩ ስብሰባ ገብተዋል"። ዛሬ ሁለቱም አሉ፣ ማኅተሙ ያለበት መሳቢያ ተቆልፎ ቁልፉ ጠፋ።

ልጁ የሚያመለክተው አሜሪካ፣ ፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ፣ ሀንትስማን ለሚባለው ፕሮግራም ነው። ዓለም አቀፍ ጥናትንና ቢዝነስን አጣምሮ ሁለት ዲግሪ ይሰጣል፤ አንደኛው ዋርተን ከሚባለው የዩኒቨርሲቲው የቢዝነስ ትምህርት ቤት ነው። በዓመት የሚቀበለው ከዓለም ሁሉ 45 ተማሪ ገደማ ነው። ከእንግሊዝኛ ሌላ አንድ ቋንቋም ይጠይቃል። ወንድሜ ፈረንሳይኛውን የተማረው ፒያሳ አሊያንስ ነው፤ የታክሲውን ብር ለፎቶ ኮፒ እያስቀረ፣ ዳገቱን በእግሩ እየወጣ። ሌላውን ጊዜውን አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ነው የጨረሰው። ይሄ ልጅ አይገባም ከተባለ በውጤቱ ይባል፣ እሺ እንቀበላለን። መሳቢያ ስለተቆለፈ ግን እንዴት ይቀራል?

ማመልከቻው የሚላከው ኮመን አፕ በሚባል የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ ድረ ገጽ ነው። እዚያ ላይ ውጤቱን የሚጭነው ተማሪው አይደለም፣ የትምህርት ቤቱ አማካሪ ነው። አማካሪ የለንም፤ ስለዚህ ሥራው የርዕሰ መምህሩ ሆነ። ኢሜይላቸውን ስንጠይቅ "በቴሌግራም አይሆንም?" አሉን። ክፍያው ደግሞ 75 ዶላር ነው። በ2016 ሐምሌ ብሩ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ይሄ ገንዘብ ለእናታችን ስንት እንደሆነ እኔ ነኝ የማውቀው። አቅም ለሌለው ክፍያው ይነሣለታል፣ ግን ትምህርት ቤቱ ማረጋገጥ አለበት። ርዕሰ መምህሩ ምን አሉ? "ሄዶ ለሚቀር ልጅ ለምን ብዬ እፈርማለሁ?"

ይሄ ንግግር ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ትራንስክሪፕት እኮ ችሮታ አይደለም። ልጁ ተፈትኖ ያገኘው፣ የራሱ ንብረት ነው።

የሒሳብ መምህሩን ግን እግዚአብሔር ይስጣቸው። 60 ተማሪ የታጨቀበት ክፍል ሲያስተምሩ ውለው፣ ማታ በስልካቸው የድጋፍ ደብዳቤ ጽፈው ራሳቸው ላኩለት። ማንም ደጅ አልጠናቸውም።

የመጨረሻው ቀን በፈረንጅ ጃንዋሪ 5 ነው፣ በእኛ ታኅሣሥ 27፤ ለገና ሁለት ቀን ሲቀረው። ዛሬ 21 ነው። ቅዳሜና እሑድ ቢሮ ዝግ ነው፣ ሰኞ ደግሞ ለበዓል ገበያ ማን ቢሮ ይገኛል? ያለን ረቡዕ፣ ሐሙስና ዓርብ ነው። ወንድሜ ማታ እራቱን ሳይበላ ተኛ፣ እናቴም ከእሱ ጋር።

ነገ ጠዋት 2 ሰዓት በሩ ላይ ነን። ጋሼ፣ እባክዎ ቁልፉን ይዘው ይምጡ።