ባለ ቴራው ይኑርልን!

ዘፈን የሚሰማ ሰው ሞልቷል። እሱ ምን ይደንቃል? ጆሮ ያለው ሁሉ ይሰማል። ዛሬ ላመሰግን የተነሳሁት ዘፈን የሚያከማቸውን ነው።

ታውቁታላችሁ። በየቢሮው አንድ አይጠፋም። ኤክስተርናል ሃርድ ዲስኩን በካልሲ ጠቅልሎ ቦርሳው ውስጥ ይዞ የሚዞረው። (ካልሲው ንጹህ ነው፣ አጣርቻለሁ።) ማንን ትወዳለህ ብትሉት የዘፋኝ ስም አይጠራላችሁም። ቁጥር ነው የሚጠራው። «ሁለት መቶ ጊጋ ያገር ውስጥ፣ መቶ ሬጌ፣ የቀረው ገና አልተለየም።» ያልተለየው ሁሌም ከተለየው ይበልጣል። ባለ ፎቅ፣ ባለ መኪና እንደሚባለው እኔ ባለ ቴራ ብዬዋለሁ፤ ቴራ ማለት አንድ ሺህ ጊጋ፣ ወይም አንድ ሚሊዮን ሜጋ ነው። ዕድሜ ይስጥልን።

እስቲ ሀብቱን እናስላው። በ128 ኪሎቢት የተሠራ ኤምፒስሪ ለአንድ ደቂቃ አንድ ሜጋ ገደማ ይይዛል። አንድ ዘፈን አምስት ደቂቃ ነው እንበል። ስለዚህ አንድ ቴራ ላይ 200,000 ዘፈን ይገባል። አንድ ሚሊዮን ደቂቃ ማለት ነው። ሳይተኛ፣ ሳይበላ፣ ከሚስቱ ጋር ሳይነጋገር ቢያዳምጥ 694 ቀን ይፈጅበታል። እንደ ሰው በቀን ሁለት ሰዓት ብቻ ቢሰማ ደግሞ ወደ 23 ዓመት። ታዲያ ይሄ ሰው ትናንት ማታ ምን ሲሠራ አመሸ? ሲያወርድ! አርቆ ማሰብ ማለት ይሄ ነው። እኛ ለጡረታ ብር መቆጠብ አቅቶናል፣ እሱ የጆሮውን ስንቅ ቋጥሮ ጨርሷል።

እርግጥ 200,000 ሲባል ሁሉም የተለያየ ዘፈን ነው ማለት አይደለም። አንዱ ዘፈን «ምርጥ» ውስጥ አለ። «ምርጥ አዲሱ» ውስጥም አለ። «የድሮ»፣ «የወንድሜ ፍላሽ» እና «ኒው ፎልደር 3» ውስጥም አለ። ይሄ ብክነት የሚመስለው ካለ የዋህ ነው። አንዱ ጋ ቢሰለቸው ሌላው ጋ ሄዶ ይሰማዋላ።

የድሮ ሰዎች ግን አሳዘኑኝ። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ሸክላ ማሳተም ሲጀምር ሥራው በመንግሥት ሞኖፖል የተያዘ ነበር። እሱ ግን ደፈረ። በስድስት ዓመት ገደማ ከመቶ በላይ ነጠላ ሸክላ አወጣ። በአንድ ሸክላ ሁለት ዘፈን፤ አንድ በፊት፣ አንድ በጀርባ። ሁለት ብቻ! ለሁለት ዘፈን ብር ቆጥሮ፣ ሱቅ ሄዶ፣ መርፌውን ቀስ አድርጎ አሳርፎ፣ ግጥሙን በቃሉ እስኪይዝ መላልሶ የሚሰማ ትውልድ ነበር። ምን ያድርግ፣ ስኪፕ የሚባል ነገር አልነበረውም። ባለ ቴራው የአምሃን የስድስት ዓመት ልፋት ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብሎ፣ ሁለት ፌርማታ ሳይደርስ፣ ከቴሌግራም አወረደው። አልሰማውም። ግን አለው።

ከዚያ ካሴት መጣ። ካሴት ውስጥ አንዲት የታጠፈች ወረቀት ነበረች። ግጥም እከሌ፣ ዜማ እከሌ፣ ቅንብር እከሌ፣ ክራር እከሌ ትላለች። ፊደሉ ደቃቃ ስለሆነ አምፖል ሥር ይዘናት እናነባት ነበር። ባለ ቴራው ከዚህ ሁሉ ጣጣ ገላግሎናል። አሁን የዘፈኑ ስም «ትራክ 01» ነው፣ ዘፋኙም «ያልታወቀ»። ገጣሚው፣ ዜማ ደራሲው፣ አቀናባሪው በሙሉ ከፎልደሩ ተባረዋል። በቦታቸው የወረደበት የቴሌግራም ቻናል ስም ገብቷል። የለፋው እሱ አይደል? ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ኢትዮፒክ በሚል ተከታታይ እነዚያን የቆዩ ሥራዎች ሲያወጣ ከየሲዲው ጋር የማብራሪያ ቡክሌት ያወጣ ነበር። ወዳጄ ባለ ቴራው ዘፈኖቹን አስቀርቶ ቡክሌቶቹን ደለታቸው። «ቦታ ይይዛሉ» አለኝ።

ስለ ጥራት ደግሞ ከእሱ ጋር አትከራከሩ። አንድ ሰሞን ፍላክ የሚባለው፣ ከድምፁ ምንም ሳይጥል የሚያስቀምጠው የፋይል ዓይነት፣ ከኤምፒስሪ ይሻላል ሲባል ሰማ። ሌሊቱን ሁሉ ያን በ128 የተጨመቀ ዘፈን ወደ ፍላክ ሲቀይር አደረ። ፋይሉ አምስት እጥፍ ሆነ። ድምፁ ያው ነው፤ አንዴ በመጨመቅ የወጣ ድምፅ ተመልሶ አይገባም። እሱ ግን «ልዩነቱ አይሰማህም?» ይለኛል። በምን እየሰማን መሰላችሁ? ብርጭቆ ውስጥ በቆመ ስልክ።

ቸርነቱንም መናገር አለብኝ። የሰበሰበውን አይደብቅም። «ፍላሽህን አምጣ» ነው ሰላምታው። ለባልደረባ፣ ለአማች፣ ለታክሲ ሹፌር ይሞላል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ወዳጄ እስከ ዛሬ ለአንድ ዘፋኝ አንድ ብር ከፍሎ አያውቅም። ዘፋኙ ታሞ እርዳታ ሲለመንለት ግን «ለጥበብ ሰው ምን አደረግንለት?» ብሎ ፌስቡክ ላይ ቀድሞ ኮሜንት የሚጽፈው እሱ ነው። እንባ የሚያፈስ ኢሞጂም አይረሳም።

ፍላሹን የሞላለት የታክሲ ሹፌር ደግሞ ሌላ በረከት አግኝቷል። ሞተሩ ጠፍቶ በተነሳ ቁጥር ቴፑ ከመጀመሪያው ፋይል ነው የሚጀምረው። ፍላሹ ላይ ሦስት ሺህ ዘፈን አለ፤ እኛ የመስመሩ ተሳፋሪዎች ስድስቱን በቃላችን እናውቃለን። ሰባተኛውን የሰማ ተሳፋሪ እስካሁን አላጋጠመኝም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ወደ ማዳመጡ። ባለ ቴራው ቤት ቡና ተጠርተን ሄድን። ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ ፈንድሻው ቀርቧል። ላፕቶፑ ከቴሌቪዥኑ ጋር ተያይዟል። አክስቱ እትዬ ተደላድለው ተቀመጡና «እስቲ የዓለማየሁ እሸቴን አንድ ክፈትልን ልጄ» አሉ። ፊቱ በራ። ይህን ቀን ሲጠብቅ ነው የኖረው።

«አለማየሁ» ብሎ ጻፈ። ምንም የለም። በዓይኑ «ዓ» ሞከረ። ሁለት ፋይል መጣ፤ ሁለቱም የሌላ ዓለማየሁ ናቸው። በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፈው፣ አንድ ፊደል ቀነሰ፣ አንድ ጨመረ። አቦል ተቀዳ። ከዚያ በፎልደር መፈለግ ጀመረ። «የድሮ» ውስጥ ሌላ «የድሮ» አለ፣ እሱ ውስጥ የሠርግ ፎቶ አለ። እትዬ የሠርጉን ፎቶ አይተው ደስ አላቸው። ቶና ተቀዳ። «ትራክ 07 መሆን አለበት» አለና ከፈተው። ክራሩ ገና ሲገባ አንድ ዲጄ ስሙንና ስልክ ቁጥሩን ጮኸብን። እትዬ ደንግጠው ሲኒያቸውን ያዙ።

በዚህ መሃል የልጅ ልጃቸው ስልኳን አውጥታ ከዩቲዩብ ከፈተችላቸው። ከነምስሉ። እትዬ ትከሻቸውን ነቅነቅ አደረጉ። ባለ ቴራው ግን ፍለጋውን አላቆመም። «ኢንተርኔት ሲጠፋ እንተያያለን» አለ። እዚህ ላይ እውነቱን ነው። ኢንተርኔት ስንቴ ጠፍቶብን ያውቃል? እሱ ግን ኢንተርኔት ጠፋ አልጠፋ ያንን ዘፈን አያገኘውም።

በዚያው ሰሞን ካልሲው ከነሃርድ ዲስኩ ከጠረጴዛ ወደቀ። ሲሰካ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል እንጂ አይከፍትም። ልናጽናና ሄድን። ሰው ሁሉ «ባክአፕ የለህም ወይ?» ይለዋል። አለው። ቀድሞ ያሰበ ሰው ነው አላልኳችሁም? «ባክአፕ» የሚል ትልቅ ፎልደር ነበረው፤ እዚያው ሃርድ ዲስክ ላይ። ጠጋኙ ዳታው ሊወጣ እንደሚችል ነግሮት ዋጋውን ጠራለት። ወዳጄ ለዘፈን ብር ሲጠየቅ የመጀመሪያው ነውና በጣም ከፋው።

ሳምንት ሳይሞላ ባለ አራት ቴራ ገዛና ደወለልኝ። «የሰጠኋችሁን ሁሉ ይዛችሁ ኑ» አለ። ባለ 64 ጊጋ የተባለ ፍላሼን ይዤ ሄድኩ። 64 የሚለው ላዩ ላይ ነው፤ ሆዱ 8 ብቻ ነበርና ከስምንት በላይ ያለው ስሙ እንጂ ድምፁ የለም። እሱንም ሰካው፣ የማይከፍቱትንም ጭምር ኮፒ ያደርግ ጀመር። ከእኔ በፊት የመጡትም የሰጡት ያንኑ ዘፈን ስለነበር ኮምፒውተሩ «ይህ ፋይል አለ፤ ልተካው ወይስ ሁለቱም ይቀመጡ?» ብሎ ጠየቀው።

«ሁለቱም» አለ።