መጋረጃውን ገለጥ አድርጉት

ስለ ጨቅላ ቢጫነት ያነበብኩት ጽሑፍ ብዙ ጊዜ በራሱ ይጠፋል ማለቱ ልክ ነው፣ ግን የኛ አራስ ቤት ጨለማ መሆኑንና ቢጫነቱ ሳይታይ እንደሚቀር ረስቷል። የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ እማዬ ብርድ እንዳይመታት ብላ መጋረጃውን ግጥም አድርጋ ዘጋችው፣ ልጅቷ ቢጫ መሆኗን ያየነው በ4ኛው ቀን ጎረቤታችን አቅፋት በር ላይ ስትወጣ ነው። አፍንጫዋን በጣቷ ጫን አድርጋ ስትለቀው ቢጫ ሆኖ ታየ። የዓይኗ ነጩም እንደዚያው። ለካ እንቅልፍ ያበዛችው ለዚያ ነው፤ እኛ እኮ «እንዴት ጨዋ ልጅ ናት፣ አታለቅስም» እያልን ነበር! አንዷ አክስቴማ «የወፍ በሽታ ነው፣ መድኃኒት አዋቂ ጋ ውሰዷት» አለች። ሐኪም ቤት ቢሊሩቢኗ (ቆዳን ቢጫ የሚያደርገው በደም ውስጥ ያለ ነገር) ተለካ፣ የኔ የደም ዓይነት ኦ የሷ ኤ ሆኖ ስላልተጣጣመ ነው አሉን፣ ከዚያ ዓይኗ ተሸፍኖ 2 ቀን ቢጫነቱን የሚቀንሰው ሰማያዊ መብራት ስር ተኛች።

ፀሐይ ይበቃል የምትሉ፣ የጠዋት ፀሐይ ያንን መብራት አይተካም። የስኳር ውሃም ምንም አይሠራም፣ ጡት ነው፣ በቀን ከ8 እስከ 12 ጊዜ፣ ተኝታም ቢሆን እየቀሰቀሱ። በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢጫ ከሆነ ደግሞ ነገ እናያለን አይባልም፣ ሰገራው ከነጣም እንዲሁ።