ቦይንግ ከፈለ እንጂ ደም አላደረቀም

ጥቅምት 27 ቀን 2018 ዓ.ም. ቴክሳስ ውስጥ በአሜሪካው አውሮፕላን ሠሪ በቦይንግ ላይ ተከፍቶ የነበረው የወንጀል ክስ ተዘጋ። ዳኛ ሪድ ኦኮነር መንግሥት ከቦይንግ ጋር የገባው ስምምነት ለሕዝብ ይጠቅማል ብለው እንደማያምኑ ተናግረዋል። ግን መንግሥት ክሱን ተውኩት ካለ እኔ በግድ ላስቀጥለው አልችልም አሉ። በቃ። በሁለት የቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላኖች 346 ሰው ያለቀበት ፋይል መደርደሪያ ላይ ወጣ። እኚሁ ዳኛ ናቸው ቀደም ሲል፣ ይህ ወንጀል በአሜሪካ ታሪክ ብዙ ሰው የጨረሰ የኩባንያ ወንጀል ሊባል ይችላል ብለው የጻፉት።

ያናደደኝ ግን ውሳኔው ብቻ አይደለም። ከውሳኔው በኋላ እዚህም እዚያም የምሰማው ወሬ ነው። «ኧረ ከፍሏል እኮ፣ ከዚህ በላይ ምን ያድርግ? ኩባንያ ትርፉን ነው የሚያየው። ሰው ሁሉ ያው ነው።» ይህን የሚሉት ክፉ ሰዎች አይደሉም። የደከማቸው ናቸው። ግን ቦይንግ በብዙ ሚሊዮን ዶላር ከሚቀጥራቸው ጠበቆች በላይ የጠቀመው ይህ አባባል ነው።

የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ለዳኛው ካቀረባቸው መከራከሪያዎች አንዱ ከአእምሮዬ አልወጣም። የ110 ሟቾች ቤተሰቦች ወይ ስምምነቱን ይደግፋሉ፣ ወይ ነገሩ ያለ ሙግት እንዲያልቅ ይፈልጋሉ፣ ወይ አይቃወሙም አለ። እስቲ ይህን «ወይ» ልብ በሉት። የደገፈውና ዝም ያለው አንድ ከረጢት ውስጥ ተከተቱ። ልጁ የሞተችበት፣ የሚቀብረው አካል እንኳ ያጣ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ጠበቃና ቀጠሮ ያደከመው አባት «አልቃወምም» ቢል ይህ ድጋፍ ነው? ለቅሶ ቤት ገብታችሁ ታውቃላችሁ። ሐዘንተኛ «እሺ» የሚለው ስለተስማማ አይደለም። መልስ የሚሰጥበት አቅም ስለሌለው ነው። ያን ድካም እንደ ፊርማ መቁጠር ነውር ነው። ደግሞስ 110 ከ346 ስንት ነው? ሲሶ እንኳ አይሞላም።

ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላናችን የወደቀው ቱሉ ፈራ ነው፤ ጊምቢቹ ወረዳ፣ የገበሬ ማሳ ላይ። በዚያ አገር ሰው ሰውን ከገደለ ጉማ የሚባል የካሳና የእርቅ ሥርዓት አለ። በአማራው ዘንድም ደም ማድረቅ እንለዋለን። ፍርድ ቤት ሳይኖር በፊት የነበረ ሥርዓት ነው። ገንዘብም አለበት፣ ከብትም አለበት። ስለዚህ «ከፍሏል» የሚለውን ቃል ከኛ በላይ የሚያውቀው የለም። ለደም መክፈል ለኛ አዲስ ነገር አይደለም።

ግን ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ የገዳይ ወገን ሽማግሌ ይልካል። ገዳዩ ገደልኩ ይላል። ባንዳንድ ቦታ ድንጋይ ተሸክሞ የሟች ቤተሰብ እግር ላይ ይወድቃል። ካሳው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሳያምን ገንዘብ ይዞ የመጣን ገዳይ ሽማግሌ አያስገባውም። «ይህን ያህል ልስጣችሁና ክሱ ይቅር» የሚል ሰው እርቅ አልጠየቀም፣ የሞተውን ሊገዛው ነው የመጣው።

ሌላም አለ፤ እኔ ከሁሉም በላይ የማስበው እሱን ነው። በጉማ ካሳውን የሚያዋጣው ጎሳው ነው። አጎቱ ይሰጣል። የአጎቱ ልጅ ይሰጣል። ገዳዩን ዐይቶት የማያውቅ ዘመድ ሳይቀር ከኪሱ ያወጣል። እያንዳንዱ ይሰማዋል፣ ያመዋል። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ያ ነገረኛ ዱላውን ሲያነሳ እጁን የሚይዘው የገዛ ወንድሙ ነው። እንዲህ ነው ብዙ ሰው አንድ ላይ ሆኖ ጥፋትን የሚከላከለው።

ዘመናዊው ኩባንያ የዚህ ግልባጭ ነው። ጥቂቶች ይወስናሉ፣ ብዙዎች ትርፉን ይካፈላሉ፣ ሲገድል ግን ለአንዳቸውም አይሰማቸውም። ቅጣቱ የሚወጣው ከኩባንያው ካዝና ነው፤ ካዝናውን የሚሞላው ደግሞ የሚቀጥለው አውሮፕላን ሽያጭ ነው። የመጨረሻው ስምምነት 1.1 ቢሊዮን ዶላር ነው ተባለ። የወንጀል ቅጣቱ ግማሽ ድሮ ተከፍሏል ተብሎ ቀድሞ ተቀንሶለታል፤ ከ1.1 ቢሊዮኑ ውስጥ ደግሞ 455 ሚሊዮኑ ቦይንግ የራሱን ቤት እንዲያስተካክል ነው። የራስን ጣሪያ ማደስ ከመቼ ወዲህ ነው ካሳ የሆነው? ቦይንግ ከ2013 እስከ 2019 እ.ኤ.አ. የራሱን አክሲዮን መልሶ ለመግዛት ብቻ ከ40 ቢሊዮን ዶላር በላይ አውጥቷል። አክሲዮኑ ከፍ እንዲል ነው። አክሲዮኑ ከፍ ሲል የአለቆቹም ክፍያ አብሮ ከፍ ይላል።

ዴኒስ ሙሌንበርግ ከሁለቱም አደጋዎች በኋላ ከሥራ አስፈጻሚነት ሲባረር ወደ 62 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ አክሲዮንና ጡረታ ይዞ ወጣ። በ2022 የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አንድ ሚሊዮን አስከፈለው። ያውም ለሞቱት አይደለም። ስለ ማክስ ደኅንነት ባለሀብቶችን በማሳሳቱ ነው። ባለአክሲዮን ሲታለል ስሙ ተጠርቶ የሚቀጣ አለቃ ይገኛል። ተሳፋሪ ሲሞት ግን አለቃው ይጠፋል። ቦይንግ ከመንግሥት ጋር በ2021 በፈረመው የመጀመሪያ ስምምነት ላይ ደግሞ የበላይ አመራሩ እጅ እንደሌለበት ተጽፎ ጥፋቱ ሁለት የቴክኒክ ፓይለቶች ላይ ተደፋ። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ለፍርድ ቀረበ። እሱንም የሕዝብ ዳኞች ነጻ አወጡት።

ጥፋቱ ምን እንደነበር ታውቃላችሁ። ኤርባስ ነዳጅ የሚቆጥብ አዲስ ሞዴል አወጣ። ቦይንግ ከመሠረቱ አዲስ አውሮፕላን መሥራት ጊዜና ገንዘብ ስለሚፈጅ በአሮጌው 737 ላይ ትልቅ ሞተር ገጠመ። ሞተሩ የአውሮፕላኑን ባሕርይ ስለቀየረው ኤምካስ የሚባል አፍንጫውን ወደታች የሚደፋ ሶፍትዌር ተጨመረ። ሶፍትዌሩ የሚታዘዘው አንድ ሴንሰር ነው፤ አንድ ብቻ። አብራሪዎች ተጨማሪ የሲሙሌተር ሥልጠና እንዳያስፈልጋቸው ሲባል ሥራው በመመሪያው ውስጥ አልተገለጸም። ለምን? ሥልጠና ካስፈለገ ቦይንግ ለሳውዝዌስት አየር መንገድ በእያንዳንዱ አውሮፕላን አንድ ሚሊዮን ዶላር ሊቀንስ ውል ገብቶ ነበር። የኢንዶኔዢያው ላየን ኤር በ2017 እ.ኤ.አ. ሥልጠናውን ፈልጎ ሲጠይቅ ቦይንግ አሳምኖ አስተወው። በዓመቱ የላየን ኤር አውሮፕላን ከ189 ሰው ጋር ባሕር ገባ።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው ይበልጥ የሚያመኝ። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ባለሙያዎች አሰሉ። ካልተስተካከለ በአውሮፕላኖቹ ዕድሜ ወደ 15 የሚጠጋ አደጋ ሊደርስ ይችላል አሉ። ማክስ ግን መብረሩን ቀጠለ። ከሦስት ወር በኋላ ቱሉ ፈራ ሆነ። 157 ሰው።

እዚህ ላይ «አብራሪዎቹ አሜሪካ ቢሠለጥኑ ኖሮ ይወጡት ነበር» የሚል ተነሥቷል። የኮንግረስ አባሉ ሳም ግሬቭስ በ2019 ይህንኑ ብለዋል። የኛው አውሮፕላን አብራሪ ካፒቴን ያሬድ ጌታቸው ከ8,000 ሰዓት በላይ በርሯል። ቦይንግ አጥፉ ያለውን ማብሪያ አጥፍተው፣ በእጅ ለማስተካከል ሞክረው አልዞር ብሏቸዋል። የነበራቸው ስድስት ደቂቃ ነው። ሙት መልስ አይሰጥም ብሎ ሙት ላይ ማላከክ ነው ይሄ።

«ሰው ሁሉ ራስ ወዳድ ነው» ለሚሉት እመለስ። ውሸት ነው አልልም። እኔም በሰው ልጅ የጋራ ኅሊና ላይ ብዙ ተስፋ የለኝም። አየር መንገዶች የሥልጠና ወጪ መቆጠብ ፈለጉ። የጡረታ ፈንዱ አክሲዮኑ እንዲያድግለት ፈለገ። ተሳፋሪው ርካሽ ትኬት ፈለገ፤ እኔም ትኬት ስቆርጥ መጀመሪያ የማየው ዋጋውን ነው። የኛው አየር መንገድም በ2023 ሌላ 20 ማክስ አዟል። ትልልቅ አውሮፕላን የሚሸጡት ሁለት ናቸው፣ ሦስተኛ ሱቅ የለም ይባላል፤ እሺ። ግን ቱሉ ፈራ ላይ ከሞቱት ስምንቱ የራሱ ሠራተኞች ነበሩ።

እንግዲህ ሁሉም ራስ ወዳድ ከሆነ፣ ክሱ እንዲቀጥል ከሁሉ አብልጦ መጮኽ የነበረበት ይህን የሚያምን ሰው ነው። በገዛ ፈቃዱ ደግ የማይሆን ፍጡር ፈርቶ ካልሆነ በምን ይታረማል? ሙከራውን አይተነዋል። የ2021ዱ ስምምነት ቦይንግ ለሦስት ዓመት አመሉን እንዲያሳምር አዘዘ። ጊዜው ሊያበቃ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ጥር 2024 መግቢያ ላይ፣ ከአላስካ አየር መንገድ ማክስ ላይ የበር ክፍተት መድፈኛው ሰማይ ላይ ተገንጥሎ በረረ። ብሎኖቹ ጭራሽ አልተገጠሙም ነበር። የፍትሕ ሚኒስቴሩ ራሱ ቦይንግ ስምምነቱን አፍርሷል አለ። ከዚያስ? ሌላ ስምምነት።

ይቅርታ ጠይቀዋል ትሉኝ ይሆናል። በሰኔ 2024 የጊዜው ሥራ አስፈጻሚ ዴቭ ካልሁን ሴኔት ፊት ቀርበው ነበር። ከኋላቸው የሟቾችን ፎቶ ከፍ አድርገው ወደያዙት ቤተሰቦች ዞረው ላደረስነው ሐዘን ይቅርታ አሉ። «ላደረስነው።» እኛ ማን ነን? ያን አንድ ሴንሰር ያጸደቀው ማነው? ከላየን ኤር በኋላ ይብረር ያለው ማነው? አልተናገሩም። የዚያ በፊቱ ዓመት ክፍያቸው ወደ 33 ሚሊዮን ዶላር ነበር።

በ2011 ዓ.ም. በሥላሴ ካቴድራል ባዶ ሳጥኖች ተቀብረዋል። ለቤተሰቦች ከአደጋው ቦታ የተቃጠለ አፈር፣ አንድ አንድ ኪሎ ተሰጥቷቸዋል። ሰባት ዓመት የሚሞላው በመጋቢት 2018 ዓ.ም. ነው። ቤተሰቦቹ ቱሉ ፈራ ላይ ደግመው ይቆማሉ። የቦይንግን ቼክ የተቀበሉም፣ ያልተቀበሉም ይኖራሉ። ድንጋይ ተሸክሞ የሚመጣ ግን እስካሁን አላዩም።