አሥራ አንደኛው ምስክር ወረቀቴ

ባለፈው ዓርብ አሥራ አንደኛውን የሥራ ፈጠራ ሥልጠና ምስክር ወረቀቴን ተቀበልኩ። ግድግዳዬ ስለሞላ ቁም ሣጥን ላይ አስቀምጬዋለሁ። ሥራ እስካሁን አልፈጠርኩም። ይህን የምናገረው አፍሬ አይደለም፤ ሥልጠና ሳያቋርጥ የሚከታተል ሰው ሥራ የሚፈጥርበትን ጊዜ ከየት ያመጣል?

ለካ ደሃ ደሃ የሆነው አስተሳሰቡን ስላልቀየረ ነው። እኛ በቦታ፣ በብድርና በቤት ኪራይ ስናሳብብ ኖረን፣ አሠልጣኛችን በመጀመሪያው ቀን ገና ሻይ ሳይደርስ ነገሩን ቋጩት። ሰሌዳው ላይ ዘጠኝ ነጥብ አደረጉና ብዕራችንን ሳናነሣ በአራት ቀጥታ መስመር እንድናገናኛቸው አዘዙን። አቃተን። ለካስ መስመሩን ከነጥቦቹ አሳልፎ ማውጣት ኖሯል። «አያችሁ? አስሮ የያዛችሁ የራሳችሁ አጥር ነው!» አሉ፤ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔ መልሱን ከዐሥር ሥልጠና በፊት ባውቀውም የሰው ደስታ እንዳላበላሽ እንደ አዲስ ተደነቅኩ።

ከሰዓት በኋላ ቀለበት ወረወርን። የልጆች ጨዋታ እንዳይመስላችሁ፤ ዴቪድ ማክሌላንድ የሚባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ የተመራመሩበት ነገር ነው። እንጨት ይተከላል፤ ከየት ቆሞ እንደሚወረውር ወርዋሪው ራሱ ይመርጣል። እንጨቱ ሥር ተለጥፎ የሚወረውር ፈሪ ነው፤ ከአዳራሹ ማዶ የሚወረውር ቁማርተኛ። የሥራ ፈጣሪ ወኔ ያለው ሰው መካከለኛውን ርቀት ይመርጣል። እጄ ከመፍታታቱ የተነሣ፣ ቀለበት በመወርወር የሚከፍል መሥሪያ ቤት ቢኖር እኔ ዛሬ ግብር ከፋይ ነበርኩ።

በሁለተኛው ቀን የመሐመድ ዩኑስ ታሪክ ተተረከልን። ሰውየው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1976 ባንግላዴሽ ውስጥ ጆብራ በምትባል መንደር ለ42 ችግረኞች በድምሩ 27 ዶላር አበደሩ፤ ነገሩ አድጎ ግራሚን ባንክ ሆነ፤ በ2006 የኖቤል የሰላም ሽልማት አመጣ። ዓይናችን እንባ አቀረረ። አጠገቤ የተቀመጠ ልጅ (የመጀመሪያ ሥልጠናው መሆኑ ያስታውቅበታል) እጁን አወጣና «ሰዎቹ ገንዘቡን ከመውሰዳቸው በፊት ስንት ቀን ሠለጠኑ?» ብሎ ጠየቀ። አሠልጣኙ ሰዓታቸውን አዩ። ሻይ ደርሶ ነበር።

ሥልጠና ከድህነት አያወጣም የሚሉ ምቀኞች እዚያ ሻይ ላይ ቢገኙ ኖሮ አፋቸው በሳምቡሳ ይዘጋ ነበር። አሠልጣኙ መኪና ቀይረዋል። ሆቴሉ ሁለተኛ አዳራሽ እያስገነባ ነው። ባነር አታሚው፣ ቲሸርት አታሚው፣ ስማችንን አንገታችን ላይ የሚያንጠለጥልልን ሁሉ አልፎለታል። እኔም አበሌን እየፈረምኩ ይኸው በሕይወት አለሁ። ሥልጠናው ከድህነት ያላወጣው የሠለጠነበትን ሰው ብቻ ነው፤ አንድ ሰው ቀረ ተብሎ ደግሞ ይህን ሁሉ በረከት መካድ ግፍ ነው።

ብድርም ቢሆን ተረስተን አናውቅም። በ2009 ዓ.ም. ለወጣቶች 10 ቢሊዮን ብር ተዘዋዋሪ ፈንድ ተመድቦልናል። ስሙ እንዴት ያምራል! ፈንዱም ተዘዋወረ፣ እኛም ከቢሮ ቢሮ ተዘዋወርን፤ አንድ ቦታ ላይ አለመገናኘታችን የዕድል ጉዳይ ነው።

በሦስተኛው ቀን የሻይ ሰዓት ላይ ቆሎ አማረኝና ወደ ደጅ ወጣሁ። ከሆቴሉ በር ሃያ እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ፣ የመብራት ምሰሶ ሥር አንዲት እናት በርጩማ ላይ ተቀምጠው ቆሎ ይሸጣሉ። አንድ ሰፌድ፣ ትልቅና ትንሽ ስኒ፣ የነጠላቸው ጫፍ ላይ የተቋጠረ ዝርዝር ብር። ለምን እዚያ እንደተቀመጡ ጠየቅኳቸው። ወደ በሩ ከተጠጉ ዘበኛው «እማማ፣ ፈቀቅ ይበሉ» ይላቸዋል፤ ከምሰሶው ካለፉ ደግሞ ከሆቴሉ የሚወጣ ሰው አያያቸውም። መካከለኛ ርቀት! ያለ ምንም ቀለበት፣ ያለ ምስክር ወረቀት! የዚህ ዓይነቱ ሥርዓት የለሽነት ነው አገር የሚጎዳው።

አላስቻለኝም። «እማማ፣ የንግድ ዕቅድ አለዎት?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ በትልቁ ነው በትንሹ ስኒ?»

«በትልቁ» አልኩና ምክሬን ቀጠልኩ። በ2011 ዓ.ም. የወጣውን አዋጅ ቁጥር 1147 አስረዳኋቸው። ዛሬ ብድር ለማግኘት የግድ ቤት ማስያዝ አያስፈልግም፤ ተንቀሳቃሽ ንብረትም ዋስትና ይሆናል፤ ላም ቢሉ ላም፣ ማሽን ቢሉ ማሽን፣ ሰብል ቢሉ ሰብል። «እና እማማ፣ እርስዎ የሚንቀሳቀስ ንብረት አለዎት?» ብዬ ሳልጨርስ የደንብ አስከባሪዎቹ መኪና ከኩርባው ብቅ አለ። ሰፌዱ ብብት ውስጥ ገባ፣ ስኒዎቹ ኪስ፣ በርጩማው ትከሻ ላይ፤ እማማ ከአጥሩ ጥግ ወደ ቅያሱ ተሰወሩ። እንደዚያ ሲንቀሳቀስ ያየሁት ንብረት በዕድሜዬ የለም፤ አንድም ባንክ በዚያ ሰዓት በቦታው አለመኖሩ ያስቆጫል።

ሒሳባቸውን አልከፈልኩም። የተሰፈረልኝን እየቆረጠምኩ ወደ አዳራሹ ተመለስኩ፤ ቀጣዩ ርእስ የደንበኛ አያያዝ ነበር።