ያለ ቴሌስኮፕም ይቻላል
‹ኔቡላን (በሕዋ ያለን የጋዝና የአቧራ ደመና) ፎቶ ለማንሳት የግድ ቴሌስኮፕ ያስፈልጋል› የሚል ጽሑፍ አንብቤ ሐሳቡ አልተዋጠልኝም። እኔ በተራ ካሜራ፣ በ50 ሚሊሜትር ሌንስና በትራይፖድ ብቻ የኦሪዮንን ኔቡላ አንስቻለሁ። ታኅሣሥ ላይ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብዬ ነው፤ ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። ደግነቱ ኦሪዮን የሚባለው የኮከቦች ስብስብ እኛ አገር አናት ላይ ይወጣል።

ዋናው ነገር ሰከንዱ ነው። ምድር ስለምትዞር የካሜራውን መዝጊያ (ሻተር) ከ5 ሰከንድ በላይ ከከፈታችሁት ኮከቡ ነጥብ መሆኑ ቀርቶ መስመር ይሆናል። ስለዚህ አጭር አጭሩን 200 ጊዜ አንሱና ዲፕ ስካይ ስታከር በሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ፎቶዎቹን አንዱን በአንዱ ላይ ደርቡና አንድ ምስል አድርጓቸው። ፎከሱን ደግሞ በአውቶ እንዳትሞክሩት! ደማቅ ኮከብ ስክሪኑ ላይ አጉሉና፣ የመርፌ ጫፍ እስክትሆን ቀለበቱን በእጃችሁ ቀስ አድርጋችሁ አዙሩ።

ከኦሪዮን ሦስት ተደርዳሪ ኮከቦች ስር ያቺ ሮዝ ጭጋግ ብቅ ስትል እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ብርሃኗ ከተነሳ 1,300 ዓመት ገደማ ሆኖታል።