ሕፃኑ ሲመዘን እናቱንም ጠይቁ

ድሬዳዋ ውስጥ በክትባት ቀን ጤና ጣቢያ የተቀመጠ ሰው ያውቀዋል። ሕፃኑ ይመዘናል፣ ይከተባል፣ ካርዱ ላይ ይጻፍለታል። አዝላ ያመጣችውን እናት ግን «አንቺስ እንዴት ነሽ? እንቅልፍ ይወስድሻል?» የሚላት ብዙም የለም።

አሸዋ ገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም ዘርግታ የምትሸጠውን፣ ሰው ቤት ልብስ አጥባ የምታድረውን አስቡ። ቤቷ አንዲት የኪራይ ክፍል ናት። በዚያ ሙቀት ሕፃኑ ሌሊቱን ሲነጫነጭ ያድራል፤ ሲነጋ ደግሞ ሥራ አለ። በአራስነቷ ጎረቤት አይለያትም፣ ገንፎውም ይመጣል። ክርስቲያኑ ጋ ክርስትና ሲነሣ፣ ሙስሊሙ ጋ አርባው ሲሞላ ግን ሁሉም ወደ ጉዳዩ ይመለሳል። ብቻዋን የምትቀረው ያኔ ነው።

ድባቴ፣ ማለትም ሐዘኑ አልለቅ የሚል የአእምሮ ሕመም፣ ይዞኛል አትልም። «ራሴን ይወቅረኛል፣ ሰውነቴን ያቃጥለኛል፣ ሐሳብ በዛብኝ» ነው የምትለው። ማስታገሻ ይሰጣትና ትሄዳለች። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ በታዳጊ አገሮች ከወለዱ 100 እናቶች ወደ 20 የሚጠጉት የአእምሮ ሕመም ያጋጥማቸዋል፤ በአብዛኛው ድባቴ ነው።

«አቦ፣ ችግሯ ገንዘብ ነው፤ ወሬ ምን ያደርግላታል?» የሚል አለ። ገንዘቡ እንደሚያስጨንቃት አልክድም። የቤት ኪራይ በምክር አይከፈልም። ግን በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የፓኪስታን ጥናት አለ። በገጠር ቤት ለቤት የሚዞሩ የጤና ሠራተኞች ሠለጠኑ፤ ሐኪሞች አይደሉም። በድባቴ የተያዙ ነፍሰ ጡሮችን ከመውለዳቸው በፊትም በኋላም እየሄዱ አነጋገሩ። ሕፃናቱ 6 ወር ሲሞላቸው፣ ሕመሙ ያልለቀቃቸው ከ100 እናቶች 23 ነበሩ። ይህን ድጋፍ ካላገኙት ግን 53። ድህነቱ እዚያው ነበር፤ እናቶቹ ግን ተነሡ።

እኛም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉን፤ በየቀበሌው ቤቱን ያውቁታል። እናትየዋም በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት፣ ከዚያም በ9 ወር ለክትባት በራሷ እግር ትመጣለች። ያኔ ይጠይቋት፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ፣ ባልና አማት በሌሉበት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከፍቷት፣ ምንም ነገር አላስደስት ካላት፣ ስሟ ይመዝገብና ቤቷ ድረስ ይሂዱላት። «ሞቼ ባረፍኩ» ካለች ደግሞ ቀጠሮ አይሰጣት፤ በዚያው ቀን አብሯት ሆስፒታል የሚሄድ ሰው ይመደብላት።